ከመረቡ ወዲያ የተገኙ እንቁላሎች

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ዶሮ ሲለምን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከዶሮዎቹ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ዶሮዎቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ይሰማታል። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዛሬን ብቻ አታሳፍሩኝ፤ ሁለት ሁለት ብትጥሉ ምን ይጎድልባችኋል?" ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድን ተሳፋሪ "እባክህ" ብሎ የማያውቅ ሰው፣ በማለዳ በካልሲ ቆሞ ዶሮ ይለማመጣል። መጀመሪያ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ቀጥሎ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ትዝ አላትና ሳቁን ዋጠችው። ዛሬ የመጨረሻው ቆጠራ ነው። ባሏ የገዛ ዶሮዎቹን የሚማጸነው ታላቅ እህቷን አሸንፈው ከቤት እንዲያስወጡለት መሆኑ ነው። "ሰው እንዴት ከዶሮ ጋር ሆኖ በሰው ላይ ይዶልታል?" አለች ለራሷ፤ ብርድ ልብሱን ገፍታ ተነሳችና ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃ ወጣች።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከመንገድ በሚዋሰነው ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመስመሩ መነሻ አልጋው፣ መድረሻው ጓሮ ያለው የዶሮ ቤት ሆኗል፤ ሰፈርተኛው ግን አሁንም ሾፌሩ ይለዋል። ታላቅ እህቷ ደግሞ የራሷ ባል ሲሞት "ለአንድ ሳምንት ያህል" ብላ መጥታ የኋለኛዋን ክፍል ይዛ የቀረች ናት፤ ሳምንቱ የትኛው እንደሆነ አልተናገረችም፣ የጠየቃትም የለም። ሾፌሩና ታላቅየዋ ተስማምተው አያውቁም። መስኮት ይከፈት ይዘጋ፣ ስኳር ከሻዩ በፊት ይግባ በኋላ፣ ሬዲዮው ይጩህ ይንሾካሾክ፣ ሁሉም ላይ ጎራ ለይተዋል። ትልቁ ጠብ ግን የዶሮ መኖ ነው። ሾፌሩ የሚያምነው በሚዛን ነው። በቆሎ ለጉልበት፣ ፋጉሎ ለእንቁላሉ ማበጃ፣ ፉርሽካ ለሆድ ማሟያ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለቅርፊቱ፣ ቁንጣሪ ጨው ደግሞ ለምግብ ፍላጎት እያለ፣ ሁሉን መዝኖ በትልቅ ሳፋ ያማስላል። "ዶሮ ማለት ሞተር ናት፤ ያልሆነ ነዳጅ ከሰጠሃት መንገድ ላይ ትቆማለች" ይላል። ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ለእሷ ዶሮ እንደ ሰው ናት፤ የምትወደውን ካበሏት አትሰስትም። ስለዚህ በውሃ የራሰ ዳቦ፣ የትናንት ሩዝ፣ ፓስታ፣ የካሮት ልጣጭና የጎመን ቅጠል በሳህን ይዛ፣ "ብሉ እንግዲህ፣ እናንተም ሆድ አላችሁ" እያለች ታቀርባለች። ዶሮዎቹ ሁለቱንም ይበሉ ነበር፤ አስተያየት አልሰጡም።

ታዲያ አንድ ቀን ሾፌሩ የዶሮዎቹን ቤት በሽቦ መረብ መሐል ለመሐል ከፈለው። አራት ዶሮ ወዲህ፣ አራት ዶሮ ወዲያ። ወዲህ ያሉት የተመጠነ መኖ፣ ወዲያ ያሉት የማድቤት ትርፍራፊ እየበሉ፣ ወሩ እስኪያልቅ ማን ብዙ እንደሚጥል ይቆጠራል ተባለ። ሾፌሩ የራሱን ወገን ዶሮዎች በአውቶቡስ መስመር ቁጥር ነው የሚጠራቸው። ታላቅየዋ የእሷን በዘመድ ሰይማቸዋለች፤ አክስት፣ አማት፣ ዋርሳና ምራት። ምራት ከሁሉ አብልጣ ትበላለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትተኛለች፣ አንድም ቀን ስትጥል አልታየችም። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ታላቅየዋ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ከተሸነፍኩ እሄዳለሁ" ያለች ጊዜ ነው። "የዶሮ ሆድ እንኳ ማወቅ ካቃተኝ በሰው ቤት ምን እሠራለሁ? ልጄ ዘንድ እገባለሁ።" ልጇ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ባለፈው ልትጠይቃቸው ሄዳ ሚስትየዋ የእንግዳዋን ፍራሽ መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር፣ ቀጥሎ ከማቀዝቀዣው ጎን፣ በመጨረሻ ከበሩ ኋላ አዛወረችው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭንቅላቷን እየመታት ከርማ ነው የተመለሰችው። ሾፌሩ ይህን የመሄድ ወሬ ሲሰማ ምንም አላለም። ሳህኑን ይዞ ተነሳና ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ዝምታውን "በሄደችልኝ" ብላ ተረጎመችው፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባሏን በጎሪጥ ነው የምታየው።

ስለዚህ ሥራ ጀመረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን በልብስ ሰፊዋ እጅ ነበር የሚሄደው። እውነቱን ለመናገር የተመጠነ መኖ የሚበሉት ዶሮዎች ዝንፍ አይሉም፤ ሲነጋ በልተው ረፋድ ላይ ጥለው ይጨርሳሉ። ትርፍራፊ የሚበሉትን ዳቦው አወፍሯቸው፣ አንድ ቀን ጥለው ሁለት ቀን ያርፋሉ። እሷም ባሏ ጋዜጣ ሊያነብ ሻይ ቤት ሲሄድ ጠብቃ ከመረቡ ወዲህ ካለው የእንቁላል ሳጥን እያነሳች ወዲያ ታኖራለች። ልብስ ሰፊ ናትና አንዱ እጅጌ ከሌላው ሲረዝም አይሆንላትም። እንዲህ ስታስተካክል ከርማ ሁለቱን ወገኖች እስከ ትናንት እኩል ለእኩል አድርሳቸዋለች። ዛሬ ግን እኩል አይበቃም። ለዳኝነት የተጠራው የሰፈሩ መኖ ሻጭ፣ "እኩል የሚባል ነገር አላውቅም፤ የመጨረሻውን ቀን ያሸነፈ አሸነፈ" ብሎ ቆርጧል። ዛሬ እህቷ መብለጥ አለባት፤ አለዚያ ፍራሹ ከበር ኋላ ነው።

ቁርስ ላይ ስለ አየሩ እንኳ ያወራ የለም። ሾፌሩና ታላቅየዋ ከዚያች ምሳ ወዲህ ቀጥታ አይነጋገሩም፤ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ቃላቸው በልብስ ሰፊዋ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው።

"ለእህትሽ ስኳሩን አቀብያቸው" አለ ሾፌሩ።

"ስኳር አቁሜያለሁ በይው" አለች ታላቅየዋ።

"መቼ ነው ያቆሙት በያቸው።"

"አሁን ነው በይው።"

ልብስ ሰፊዋ ስኳሩን ወደዚህም ወደዚያም ሳታደርግ መሐል ላይ እንደያዘችው ቀረች። ባሏን በቆረጣ አየችው። ዳቦውን አይበላም፤ ይቆራርሰዋል። ሲያሸንፍ የሚሆነውን እያሰበ መሆን አለበት አለች በሆዷ፤ የዚህን ሰው ሸሚዝ ስንት ጊዜ ነው አንገቱን ገልብጣ የሰፋችለት? የሚቀጥለውን እንደተተለተለ ነው የሚለብሰው። እህቷ በበኩሏ ሻይዋን ያለ ስኳር አንድ ጊዜ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም፣ እስከ መጨረሻዋ ጠጣችው። በዚህ ቤት ሰው ከቃሉ ወደ ኋላ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ቁርሱ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ታላቅየዋ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። ዚፑ አንድ ጎኑ ተላቋል። "ይቺን ስፊልኝ" አለች፤ "አልሄድም ይሆናል፣ ግን ተዘጋጅቶ መጠበቅ ደግ ነው።" ልብስ ሰፊዋ ልትላት የፈለገችው ብዙ ነበር። አትሂጂ፣ ቤቱ ያላንቺ ጭር ይልብኛል፣ ስትስቂ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፣ ደግሞ ለማን ብዬ ነው ሁለት ዓይነት ሾርባ የምሠራው፣ ልትላት ፈለገች። ግን እነዚህ ሁለት እህትማማቾች ያደጉት "እወድሻለሁ" ለማለት "ሹራብ ደርቢ" በሚባልበት ቤት ነው። ስለዚህ፣ "አስቀምጪው፣ አየዋለሁ" አለቻት። ብቻዋን ስትቀር ወፍራም ክር መረጠች፤ መኪናውን ከፈተችና ዚፑን ከዳር እስከ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ ድፍን አድርጋ ሰፋችው። ሻንጣው ከእንግዲህ ከሚከፈት ቢቀደድ ይቀለዋል። ታላቅየዋ ተመልሳ መጥታ ከውጭ ዳሰሰችው። "እንዲህ ነው እንጂ ስፌት፤ እጅሽ አይረሳም" ብላ ባዶውን ሻንጣ በክብር ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ረፋዱ ላይ ማዶ ካለው ክሊኒክ ነርሷ ነጭ ጋውኗን ልታስሰፋ መጣች። ወገቡ ጠቧታል። ጨርቁ ነው የገባው ትላለች፤ ልብስ ሰፊዋም ሜትሩን ወገቧ ላይ እየጠመጠመች ጨርቁ ነው ትላታለች፣ ደንበኛ ንጉሥ ነውና። ነርሷ ወሬ ሳትነግር የማትለካ ሴት ናት። የእንቁላል ዋጋ እንደገና መጨመሩን፣ የማዕዘኑ ባለሱቅም አንድ እንቁላል እንደ ወርቅ ጉትቻ በጨርቅ ጠቅልሎ መሸጥ መጀመሩን አወራች። "እናንተማ ምን ቸገራችሁ ብዬ ነበር" አለች ክንዷን ዘርግታ እየተለካች፤ "ግን አሁን ስመጣ ታላቅ እህትሽን እዚያው ሱቅ አየኋት፤ እንቁላል ትገዛለች። ዶሮ ያለው ሰው እንቁላል ይገዛል እንዴ?" ልብስ ሰፊዋን ለምልክት የምትሰካው መርፌ ጣቷን ወጋት። ለመንገድ ስንቅ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ታላቅ እህቷ ተስፋዋን ቆርጣ፣ ከገዛ ዶሮዎቿ እንኳ አንድ ሳትነካ፣ ስንቅ ልትቀቅል ከሱቅ ገዝታለች። እንባዋ መጣ። ነርሷ ልኬቱ ያሳዘናት መስሏት፣ "በቃ ትንሽ ብቻ ልቀቂው፣ ዳቦ እቀንሳለሁ" አለች።

ነርሷ እንደወጣች ልብስ ሰፊዋ ሽርጧን አስተካክላ በጓዳ በር ወደ ጓሮ ሾለከች። እንደ ልማዱ ሻይ ቤት መሄድ የነበረበት ባሏ ዛሬ አልሄደም፤ የውጭው በር ላይ ቆሞ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዟል፣ የሚያነበው ግን መንገዱን ነው። ዶሮ ቤት ገባች። ከመረቡ ወዲህ ያሉት እንደ ወትሯቸው አራቱንም ጥለው ጨርሰው ውሃ ይጠጣሉ። ከመረቡ ወዲያ ሁለት እንቁላል አለ፤ ምራት አጠገቡ ተንዘራፍታ ዓይኗን ታርገበግባለች። በትርፍራፊው ሳህን ላይ፣ ከራሰው ዳቦ መሐል፣ ቢጫ የመኖ ዱቄት ተነስንሶ አየች። የመረቡ ቀዳዳ ሰፍቷል ማለት ነው አለችና አለፈችው። ሰው የገዛ ስርቆቱ ላይ ሲሆን የሌላው አይታየውም። ሁለት እንቁላል ከባሏ ሳጥን አንስታ፣ ሙቀታቸው መዳፏን እያቃጠላት፣ ወደ እህቷ ሳጥን አዛወረች። አራት ለሁለት። በቂ ነው። ስትወጣ ባሏን በሩ ላይ አገኘችው። ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል፣ አረማመዱ ሽንት እንደያዘው ሰው ነው።

"ምን ትሠሪያለሽ?" አለ።

"ልብስ ደርቆ እንደሆን ልይ ብዬ።"

ሁለቱም ወደ ገመዱ አዩ። ገመዱ ላይ አንድም ልብስ የለም። "አልደረቀም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እህ" አለ ሾፌሩ፤ ሌላ አልጠየቀም፣ እንድትጠይቀውም አልፈለገም፣ በጎን በጎን አልፏት ሄደ። ምሳ ልታሰናዳ ማድቤት ስትገባ ጠዋት ቀቅላ ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ሁለት እንቁላሎች የሉም። ድመቷን ተቆጣች። ድመቷ ቅርጫት ክዳን ከፍታ፣ እንቁላል ወስዳ፣ ክዳኑን መልሳ የምትዘጋ አለመሆኗ ትዝ ሲላት ደግሞ፣ እህቷ ለስንቋ ጨምራቸዋለች ብላ ደመደመች። ምሳው ድንች ብቻ ሆነ። ሦስቱም ድንቹን አቀርቅረው በሉ። በየመሐሉ አንዳቸው ቀና ሲል ሌላኛቸው ያቀረቅራል። ታላቅየዋ ውሃ ልቅዳ ብላ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ውሃው ከፊቷ በማሰሮ ተቀምጦ ሳለ ለምን ወጣች ብሎ የጠየቃት የለም። ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ የቀዳችው ውሃም የለም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ዳኛው መጣ። የሱቁን ካፖርት እንደለበሰ፣ ትከሻው ላይ የፉርሽካ ብናኝ ተቀምጦበት፣ በአንድ እጁ ነጭ ሳህን፣ በሌላው የአስኳል ቀለም የሚለካበት የወረቀት ማራገቢያ ይዟል። ማራገቢያው ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ብርቱካን የሚሄድ ነው፤ በዚህ ዕቃው ይኮራል። ታላቅየዋ ገና ስታየው፣ "መኖ ሻጭ ስለ መኖ ይፈርዳል፤ ድንቄም ዳኛ" አለች፣ ቀስ ብላ ሁሉም እንዲሰማት። ዳኛው አልተቀየመም። "እማማ፣ ቁጥር ዘመድ የለውም" አለና ከመረቡ ወዲህ ካለው ሳጥን ጀመረ። ሁለት እንቁላል። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ይናደዳል ብላ ፊቱን ጠበቀች። ሰውየው ግን አራት የሚጥሉለት ዶሮዎች ሁለት መጣላቸውን ሲሰማ ፊቱ እንደ መብራት በራ፤ እንደማዘንም ሞከረው፣ አልሆነለትም። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ወዲያኛው ሳጥን ውስጥ እጁን ከተተ። አንድ አወጣ፣ ሁለት አወጣ፣ ሦስት፣ አራት። ልብስ ሰፊዋ እፎይ አለች። ዳኛው አምስተኛውን አወጣ። ስድስተኛውን ሲያወጣ ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ነጭ ነበሩ።

ዳኛው ዝም ብሎ ዶሮዎቹን ቆጠረ። "አራት ናቸው አይደል?" አለ።

"አራት ናቸው" አለች ታላቅየዋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ከምራት ጋር?"

"ከምራት ጋር።"

ዳኛው ሳጥኑን ገልብጦ ከሥሩ ሌላ ዶሮ ተደብቃ እንደሆን አየ። ከዚያ የሰማይ ምሥክር እንደሚፈልግ ሰው ቀና ብሎ፣ አንዲት ዶሮ አንድ እንቁላል ሠርታ ለመጨረስ ቀኑ አይበቃትም፣ ከቀኑም ጥቂት ታሳልፋለች አለ፤ ስለዚህ አራት ዶሮ የምድርን መኖ ብትበላ በቀን ከአራት አይበልጥም። ቡናማ የምትጥል ዶሮም ተቆጥታ ነጭ አትጥልም። "ይህ ነገር ከእኔ በላይ ነው። ግን ለማንኛውም አስኳሉን እንየው" አለ። ከሾፌሩ ወገን አንዱን ሳህኑ ላይ ሰበረው፤ አስኳሉ ክብ ብሎ ቁጭ አለ፣ ማራገቢያው ላይ መሐል ቦታ አገኘ። ከታላቅየዋ ወገን ከቡናማዎቹ አንዱን አንስቶ በሳህኑ ጠርዝ መታው። አልፈሰሰም። ደግሞ መታው። ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ እፍኝ ሙሉ ወደቀና ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ ሆኖ ተንከባሎ ሳህኑ መሐል ቆመ። እንቁላሉ የተቀቀለ ነበር።

ምራት እንኳ መብላቷን አቆመች።

"ውሃቸውን ለብ አድርጌ ነው የማጠጣቸው" አለች ታላቅየዋ።

ይህን ያለችው ፊቷን ሳታጥፍ፣ ዳኛውን ዓይን ዓይኑን እያየች ነው። ዳኛው ለአፍታ ያመናት መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ግን በሆዷ መደመር ጀምራ ነበር። ሁለቱ የዶሮዎቹ ናቸው። ሁለቱ የእኔ ናቸው። ሁለቱ ነጮች የነርሷ ወሬ ናቸው። ሁለቱ የተቀቀሉት... ዞር ብላ ባሏን አየችው። ጆሮዎቹ ቀልተዋል፣ ኮቱ ኪስ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ፍርፋሪ ተለጥፏል። ይህ ሰው ከተጋቡ ጀምሮ እስካሁን ማድቤት የገባው ክብሪት ፍለጋ ብቻ ነው፤ የተቀቀለ ካልተቀቀለ መለየት ከየት ያምጣው?

"አንተ ነህ?" አለችው።

"ቅርጫት ውስጥ ነበሩ" አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። "ሁሉም እንቁላል አንድ መስሎኝ ነው።"

"ታዲያ ጠዋት ዶሮዎችህን ስትለምን የሰማሁትስ?"

"የእኔዎቹን? የእኔዎቹን ምን ብዬ ነው የምለምናቸው፤ መኖ ይበላሉ። የእሳቸውን ነው የለመንኩት። መኖም ስነሰንስላቸው ከረምኩ፣ ከዳቦው እየለዩ ተዉት። ልመናም አልሰሙ። ምን ላድርግ?"

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ የተቀየመችው ቅያሜ ሁሉ መግቢያ አጣ። "እኔም ሁለት አዛውሬያለሁ" አለች፤ "ከአንተ ሳጥን ወስጄ። ወሩን ሙሉ ነው የማዛውረው።" ይህን ስትል ሳቅና እንባ ስለተደራረበባት ሽርጧን ፊቷ ላይ አደረገች። ሁሉም ወደ ታላቅየዋ ዞሩ። ታላቅየዋ የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማኅበር የመራች ሴት ናት፣ በቀላሉ አትደነግጥም። "ባለሱቁ ቡናማ ጨርሶ ነበር" አለች። "ነጭ ምን ያህል እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ግን ሰዓቱ ደረሰ፣ ምን ላድርግ። ያን በር ኋላ ያለ ፍራሽ ሳስበው..." አልጨረሰችውም። እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምተዋት ስለማያውቁ ሦስቱም ሌላ ሌላ ቦታ አዩ። ዳኛው ማራገቢያውን አጠፈ። በሐቅ ከተቆጠረ የተመጠነው መኖ አራት፣ ትርፍራፊው ሁለት መሆኑን፣ ይህም የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ከሚለው ጋር መግጠሙን በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ። ከዚያ ሱቁን ክፍት ትቶ እንደመጣ ትዝ አለው፤ ሳህኑን እንኳ ሳይወስድ ሄደ።

ታላቅየዋ ከተቀመጠችበት በርጩማ ተነሳች። "እንግዲህ ተሸንፌያለሁ" አለች። "ከተሸነፍኩ እሄዳለሁ ብያለሁ። ቃል ቃል ነው።" ይህን ያለችው ለእህቷ ነው፤ እህቷ እንድታስተላልፍላት ይሆናል። ታላቅየዋ ወደ ክፍሏ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ደግሞ አንድ። ያን ጊዜ ሾፌሩ፣ መሪ እንደጨበጠ ሰው ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ፣ ከዚያች ምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ተናገራት።

"እትዬ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?"

ታላቅየዋ ቆመች።

"ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ጠዋት ለምን እንደምነሳ ጠፍቶኝ ነበር" አለ። "ተኝቼ ጣራ አያለሁ። እርስዎ መጥተው መስኮቱን ቧ አድርገው ሲከፍቱት ልዘጋው ተነሳሁ። ይኸው እስካሁን እየተነሳሁ ነው። ያን ቀን እሄዳለሁ ሲሉ ምን እንደምል ጠፋኝ፤ እንደተጣላን ነበርና አይሂዱ ማለት ደግሞ መሸነፍ መሰለኝ። አሁን ከሄዱ ማን ነው የሚከፍተው?"

"ሚስትህ አለችልህ" አለች ታላቅየዋ፣ ሳትዞር።

"እሷ ትስማማለች። ከእሷ ጋር ጠብ አይሆንም።"

የታላቅየዋ ትከሻ ሲነቃነቅ ልብስ ሰፊዋ የምታለቅስ መስሏት ልትሄድ ስትል ሳቋን ሰማች፤ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅ ነው። ታላቅየዋ ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በእንቁላሉ ላይ የቀረውን ቅርፊት በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። "ይህን ለማለት ነው ወር ሙሉ ዶሮ ስትለምን የከረምከው" አለችው። "ይልቅ ጨው አምጣ፣ እንቁላሉ እንዳይባክን።" ሾፌሩ እንደታዘዘ ልጅ ወደ ማድቤት ሮጠ። ሁለቱ እህትማማቾች እንቁላሉን መሐል አድርገው ተቀመጡ። ከውስጥ ቁም ሳጥን ሲከፈት ተሰማ፤ ተዘጋ። ሌላ ተከፈተ። ጣሳ ወደቀ። የሆነ ነገር ቀምሶ ሲተፋ ተሰማ፤ ሳሙና ሳይሆን አይቀርም። ጨው ያለው ምድጃው አጠገብ፣ ዓይን የሚወጋ ቦታ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ታላቅ እህቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ተይው" አለች፤ "ነገ የምንጣላበት ይሁነን።"